«መጋኛ ነው» ከማለታችን በፊት



ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ በደሴ ሰኞ ገበያ በዓይኔ ያየሁት ጉዳይ ነው። ደሴን የምታውቁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ሰኞ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ገበያተኛ ከተማይቱን ያጨናንቃታል። እኔም በዚያ ዕለት የወጣሁት እንደ ማንኛዋም የቤት እመቤት ኮረሪማና ድንብላል ልገዛ እንጂ ለጋዜጣ የሚሆን ወሬ ልለቅም አልነበረም።

ደሴ በሄድኩ ቁጥር ቅመም የምገዛባቸው አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዘለል ብሏል። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስላሳሰቡኝ እትዬ ብቻ ብዬ እጠራቸዋለሁ። እንደ ልማዳቸው እየተጫወቱ ድንብላሉን በስኒ ሲሰፍሩልኝ ስኒው ከቀኝ እጃቸው አመለጠና ቅመሙ መሬት ላይ ተበተነ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። «ምነው እትዬ፣ ምን ሆኑ?» ብላቸው አንድ ነገር መለሱልኝ፤ ነገር ግን ቃሉ ከቃሉ ተደበላልቆ ምን እንዳሉ ለመረዳት አልቻልኩም። የደሴ ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት በዚያ ጧት የእርሳቸው ግንባር በላብ ተጠምቆ ነበር።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። «መጋኛ ነው! መጋኛ መታቸው!» አለች አጠገባቸው ቅቤ የምትሸጠው ሴት። ሌላዋ «ብርድ ነው» አለች። «ቡናቸውን ሳይጠጡ ወጥተው ይሆናል» ያለም ነበር። አንድ ጎልማሳ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጋ። አንዲት እናት ደግሞ ከመቀነታቸው የተቋጠረ ኪኒን ፈትተው «ደም ግፊት ነው፤ ይኸው የእኔን ይዋጡት» አሉ። ሁሉም በቅን ልቡና ነው። «አብሽሩ፣ አብሽሩ» የማይል አልነበረም። እኔ ራሴ ከመደናገጥ በቀር የረባሁት ነገር አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚበጀውን የተናገረችው ዕድሜዋ ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ የቅቤ ሻጯ ልጅ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የምትማር በመሆኗ ጧት እናቷን ትረዳለች። «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዝርዝር ልቀይር ስመጣ ደህና ነበሩ። መርፌያቸውን ጧት ተወግተው ነው የመጡት። ቁርሳቸውን ግን አልበሉም፤ ይኸው እንዳለ ነው» ብላ ፌስታሉን አነሣች። እውነትም እንጀራው አልተነካም። ሰዓቴን ስመለከት ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር።

በባጃጅ አሳፍረናቸው ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ደረስን። ልጅቱም አብራን ሄደች፤ ለነርሷ የተናገረችው እዚያ ገበያ ላይ ያለችውን ቃል በቃል ነው። ነርሷ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ የእትዬን ጣት ወግታ ደሙን በስኳር መለኪያው አየች። 38 ይላል። ከ70 ሲወርድ ዝቅ ያለ እንደሚባል በኋላ አስረድታኛለች። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጠቻቸው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የቀኝ እጃቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምላሳቸውም ተፈታ። የመጀመሪያ ንግግራቸው «ቅመሜን ለማን ትታችሁ መጣችሁ?» የሚል ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም «እጁ የሰነፈና ምላሱ የተሳሰረ ሰው ስታዩ ስኳር ስጡት» ብዬ ጽሑፌን በአራት መስመር በጨረስኩ ነበር። ነገር ግን ይህንኑ ምክር ተከትለን የተጎዳንበት ሌላ ቀን በእኔው ቤተሰብ አለ፤ እርሱንም መናገር ይኖርብኛል።

አክስቴ ኮምቦልቻ ትኖር ነበር። ብዙ ዓመት በፋብሪካ ፈረቃ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ደም ግፊት እንዳለባት ተነግሯት ኪኒኑን «ደህና ስሆን ለምን እውጣለሁ?» እያለች የምታቋርጥ ሴት ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ማታ ስልክ ደወለችልኝ። ቡና ስትቀዳ ግራ እጇ ድንዝዝ ብሎ ጀበናው ሊያመልጣት እንደነበር፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶም እንደተዋት ነገረችኝ። «አለፈልኝ» አለች። እኔ ታዲያ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ድካም ይሆናል፤ ትንሽ ጋደም በይ» አልኳት። አሁንም ድረስ ይህቺ ዐረፍተ ነገር ትቆጠቁጠኛለች።

ያ አሥር ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ነበር። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ተቋርጦ ሲመለስ እንዲህ ያለ ድንዛዜ፣ የምላስ መያዝ ወይም የአንድ ዓይን መጨለም ይመጣና ምልክት ሳይተው ይሄዳል። የሚያታልለውም ይኸው መሄዱ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው ምት የሚያሰጋው ከሁሉ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። «አለፈልኝ» ያለ ሰው በዚያው ዕለት መታየት አለበት ማለት ነው።

በማግሥቱ ጧት አክስቴ ከአልጋዋ ስትወርድ ወደቀች። የግራ ጎኗ አልንቀሳቀስ አለ፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ተጎተተ። ጎረቤቶቿ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ባለቤቷ የስኳር በሽተኛ ስለሆነ እንዲህ ሆኖ በጣፋጭ ሻሂ ሲነቃ አይታለች። ስለዚህ ሻሂ ፈላ፤ ስኳር በዛበት፤ አክስቴም ቀና ተደርጋ በማንኪያ ተሰጣት። አሳላት፤ ጉሮሮዋ ተንኮረኮረ፤ «ትንሽ ትረፍ» ተባለ። ሆስፒታል የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛ፣ አክስቴን የመታት ስትሮክ ነው። ሁለተኛ፣ ጉሮሮዋም አብሮ ስለሰነፈ ሻሂው ወደ ሳንባዋ ገብቷል። ስትሮኩ ላይ የሳንባ ምች ተጨመረባት።

አክስቴ አልሞተችም። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ቆየች፤ ስማችንን ግን እስከ መጨረሻው አልጠራችውም። ልጇ አክስቴን ለማስታመም የፋብሪካ ሥራዋን ለቀቀች። በሰዓቱ ብትደርስ ትድን ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ እንዲህ ያለውን ሐኪምም በእርግጠኝነት አይናገርም። ሻሂውን ግን ያጠጣናት እኛ ነን።

እንግዲህ አስቡት። የእትዬና የአክስቴ ሁኔታ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። የአንዷ መድኃኒት ለሌላዋ ጉዳት ሆነ። ለመሆኑ ስትሮክ ምንድን ነው? ለምንስ ከሌላው ጋር ይምታታል?

ስትሮክ፣ በአማርኛም የአንጎል ምት የሚሉት፣ የአንጎል ክፍል ደም ሲቋረጥበት የሚደርስ ጉዳት ነው። አንዳንዴ የደም ሥሩ በረጋ ደም ይዘጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሥሩ ይፈነዳና ደም ወደ አንጎል ይፈሳል። በዓለም ላይ የሚበዛው የመዘጋቱ ዓይነት ነው። በእኛ አገር ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ግን የመፍሰሱ ዓይነት ድርሻ በበለጸጉት አገሮች ከሚታየው ከፍ ይላል፤ ሳይታከም የሚቆየው የደም ግፊት አንዱ ምክንያት ነው። የሁለቱ ሕክምና ደግሞ ተቃራኒ ነው። ለተዘጋው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል፤ ያው መድኃኒት ለፈሰሰው መርዝ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በዓይን አይቶ የሚለይ ሐኪም በዓለም ላይ የለም። የሚለየው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ የታየበት የሲቲ ስካን መሣሪያ ነው። ሐኪሙ ያለ መሣሪያ የማይለየውን እኛ ገበያ መሐል በክብሪት ጢስ ልንለየው አንችልም። ስለዚህም ነው ለእንዲህ ያለ ሰው ከቤት አስፕሪን እንዳይሰጥ የሚመከረው። የሰው የደም ግፊት ኪኒን ማዋጥም እንዲሁ ነው፤ ግፊቱን በድንገት አውርዶ የተራበውን አንጎል ይባስ ያስርበዋል።

ስትሮክን የሚመስለው ሌላው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። በበለጸጉት አገሮች እንኳ የሠለጠኑ የአምቡላንስ ሠራተኞች «ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ከሚያደርሷቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ በኋላ ሌላ በሽታ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነቀፌታ አይደለም። አስመሳዩን በጥርጣሬ ይዞ መምጣት፣ እውነተኛውን «ይረፍ» ብሎ ቤት ከማስተኛት ይሻላል።

ከአስመሳዮቹ ሁሉ መጀመሪያ መታየት ያለበት የስኳር ማነስ ነው፤ ምክንያቱም በደቂቃ ይለያል፤ በደቂቃም ይድናል። ሳይታከም ከቆየ ግን እርሱም አንጎልን ይጎዳል። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር የሚቀንስ ኪኒን የሚውጡ ሰዎች መድኃኒቱን ወስደው ምግብ ሲያልፋቸው ይደርስባቸዋል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም፣ በሰርግ ቤት ወይም በለቅሶ ሩጫ ቁርስ የሚረሳ ስንቱ ነው! ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሀብ፣ ያለ አመል መነጫነጭ ይቀድሙታል። የስኳር በሽተኛው ነቅቶ፣ ንግግሩ ተስተካክሎ፣ ስኒውን በራሱ እጅ መያዝ ከቻለ አራት የሻሂ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ምላሱ ከተሳሰረ፣ አፉ ከተጣመመ ወይም ከፈዘዘ ምንም ነገር በአፉ አይግባ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መርፌና መለኪያ ያለው ሰው ነው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ሳታፍሩ «እባካችሁ ስኳሩን ለኩልን» በሉ፤ የሚፈጀው አንዲት የደም ጠብታና ጥቂት ሴኮንድ ነው።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ሰውየው ተንፈራግጦ ካቆመ በኋላ አንድ እጁ ወይም አንድ ጎኑ ለደቂቃዎች፣ አልፎ አልፎም ለሰዓታት ሰንፎ ሊቆይ ይችላል። ሲንፈራገጥ ያላየ ሰው በዚህ ጊዜ ቢደርስ ስትሮክ ነው ማለቱ አይቀርም። ያየው ሰው ቃል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መንፈራገጡ ከየት ጀመረ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ምላሱን ነክሷል? ሽንቱ አምልጦታል? በዚህ አጋጣሚ ስለ ክብሪቱ አንድ ነገር ልበል፤ ጢሱ የሚያነቃው ሰው የለም። በሽተኛው የሚነቃው ጊዜው ሲደርስ ነው፤ ክብሪቱ ግን ምስጋናውን ይወስዳል። በጎኑ አስተኙት፤ በጥርሱ መካከል ማንኪያም ሆነ ጣት አታስገቡ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ እርዳታ ጥሩ።

የፊት መጣመም ደግሞ ብቻውን ሲመጣ ብዙ ጊዜ የፊት ነርቭ መታመም ነው። ሐኪሞች ይህን በሽታ በስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቤል ስም ይጠሩታል። በእኛ አገር «ብርድ መታኝ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የሚለይበት አንድ ጥሩ ምልክት አለው። ሰውየው ቅንድቡን ወደ ላይ እንዲያነሣና ዓይኑን አጥብቆ እንዲጨፍን ጠይቁት። በፊት ነርቭ በሽታ የታመመው ወገን ግንባር አይሸበሸብም፤ ዓይኑም አይከደንም። በስትሮክ ግን ብዙ ጊዜ አፍ ብቻ ይጣመምና ግንባር እንደ ወትሮው ይሸበሸባል። ይህን የምነግራችሁ በቤታችሁ እንድትፈርዱ አይደለም። ግንባር አልተሸበሸበም ብላችሁ ብትደሰቱ እንኳ እጅ ከሰነፈ ወይም ንግግር ከተበላሸ ነገሩ ስትሮክ ነው ተብሎ ነው የሚኬደው።

ሌላም አለ። ጥቅል ራስ ምታት፣ ማይግሬን የሚሉት፣ በዓይን ፊት የሚብለጨለጭ ነገር አሳይቶ ድንዛዜው ከጣት ወደ ክንድ በቀስታ ይሳባል፤ ስትሮክ ግን እንደዚያ አይሳብም፤ በድንገት ይወድቃል። «ቡናዋን አልጠጣችም» የምንለውም ቢሆን ራስ ያሳምማል እንጂ እጅ አያሰንፍም። ከጠጅ ቤት ሲወጣ የተንገዳገደን ወንድ «ሰክሯል» ብለን እናልፈዋለን፤ ጠጥቶም እኮ ስትሮክ ሊመታው ይችላል። ሴት ስትሆን ደግሞ «ተጨንቃ ነው»፣ «አመሏ ነው» ይባላል። ጭንቀት ሰውነትን እንደሚያሰንፍ አውቃለሁ፤ የሚፈረጀው ግን ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ከታጣ በኋላ እንጂ ገና በራፍ ላይ አይደለም።

እንግዲህ ሐኪም ያልሆነ ሰው ምኑን ይመልከት? እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ለአምቡላንስ ሠራተኞች ታስቦ የተዘጋጀ ቀላል መፈተኛ አለ። ሦስት ነገር ነው፤ ፊት፣ ክንድ፣ ንግግር። ፈገግ እንዲሉ ጠይቁ፤ አፍ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል? ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ክንዳቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆዩ ጠይቁ፤ አንዱ ክንድ ይወርዳል? «ዛሬ ሰኞ ነው፤ ገበያ እሄዳለሁ» ብለው እንዲደግሙ ጠይቁ፤ ቃሉ ይኮላተፋል? ወይስ የማይገናኝ ነገር ይናገራሉ? ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ አትጠብቁ። ይህ መፈተኛ የማይዘው ዓይነት እንዳለም እወቁ፤ በድንገት ሚዛን ስቶ መንገዳገድ፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ወይም በዕድሜ ታይቶ የማይታወቅ እንደ ነጎድጓድ የሚመታ ራስ ምታት።

ከዚያ ቀጥሎ ሰዓት እዩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ያነጋገርኳቸው ነርሶችና ሐኪሞች ሁሉ የሚመላለሱበት ነገር ይህ ነው። የሚፈልጉት በሽተኛው የተገኘበትን ሰዓት አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ነው። አክስቴ የወደቀችው ጧት አንድ ሰዓት ላይ ነው ብለን ነበር። ሐኪሙ ግን «ማታ ማን አያት? ሌሊት ተነሥታ ነበር?» እያለ ጠየቀን። የሚመልስ አልነበረም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ጥቅሙ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሲረጋገጥ የተፈቀደው ምልክቱ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ የወጣ ጥናት ወደ አራት ሰዓት ተኩል አራዘመው። ከዚያ ካለፈ ደም ማፍሰሱ ከጥቅሙ እየበለጠ ይሄዳል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ።

ይህ መድኃኒት በአገራችን እንደ ልብ የሚገኝ አለመሆኑን ልደብቃችሁ አልፈልግም። «ታዲያ ለምን እንሩጥ?» የምትል አንባቢ ትኖር ይሆናል። መልሱን ከአክስቴ አልጋ አጠገብ ነው የተማርኩት። ስኳርን መለካት፣ ትኩሳትን ማብረድ፣ ጉሮሮ መዋጥ መቻሉን ሳያረጋግጡ አለማብላት፣ ግፊቱን በመጠን መያዝ፣ ከጎን ወደ ጎን እያገላበጡ ቁስልና የሳንባ ምች መከላከል፣ እጅና እግርን ቶሎ ማለማመድ፤ ይህ ሁሉ ሥራ ውድ መድኃኒት የማይፈልግ ሲሆን፣ በዚህ ዓይነት በተደራጀ ክፍል የሚታከሙ በሽተኞች ከሞትና ከሰው እጅ ጠባቂነት በብዛት እንደሚተርፉ በብዙ አገር ተረጋግጧል።

ስለ መጓጓዣም ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አንጋፋ ድርጅት፣ የአምቡላንስ ስልኩ 907 ነው። በየወረዳው የሚሠማሩት የመንግሥት አምቡላንሶች በዋናነት ለወላድ እናቶች የታሰቡ ቢሆኑም ለሌላ ድንገተኛ ሕመምም ይጠራሉ። አምቡላንስ ካልደረሰ ባጃጁም ታክሲውም ያደርሳል። ዋናው ነገር በሽተኛው እንዳይታነቅ በጎኑ መተኛቱ ነው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ይውለቅ፤ ነጠላውና መቀነቱ ይላላ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሀረጎን ሽቅብ መውጣት አለ፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ስኳሩ መለካቱን አረጋግጡ። መንገድ ላይ አርባ ደቂቃ የሚንቀጠቀጥ የስኳር በሽተኛ ኮምቦልቻ ላይ ሊነቃ ይችል ነበር።

አብሮ የሚሄደው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የምንልከው ገንዘብ ያለውን ወይም ጉልበት ያለውን ወንድ ነው። መሄድ ያለበት ግን ያየው ሰው ነው። ካልቻለ የስልክ ቁጥሩ ይሂድ። የሚውጡት ኪኒን ከነፌስታሉ ይሂድ፤ «ነጭ ትንሽ ኪኒን ነው» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። እትዬን ያተረፈቻቸው የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ገንዘብም ጉልበትም አልነበራትም፤ የነበራት ሦስት ነገር ነው፤ ሰዓቱ፣ መርፌው፣ ያልተበላው ቁርስ።

እህቶቼ፣ በቤታችን ውስጥ የሁሉን ሕመም የምናየው እኛ ነን። የልጁን ትኩሳት በእጃችን ጀርባ እንለካለን፤ የባላችንን ፊት አይተን መክሳቱን እናውቃለን። እኛን ግን ማን ያየናል? እናት እጇ ሲደነዝዝ ለሊጡ ነው ትላለች፤ ስትንገዳገድ ዕቃ እንዳይሰበር ትጠነቀቃለች። በፋብሪካ የምትሠሩ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከመሣሪያው አጠገብ የምትቆመው ጓደኛችሁ ደም ግፊት ወይም ስኳር ይኑርባት አይኑርባት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ፈገግታውን፣ ክንዱንና ንግግሩን እንደ ጨዋታ አለማምዷቸው። ልጅ ቶሎ ይይዛል። ይስቁባችኋል፤ ይሳቁ።

ከወር በኋላ ወደ ሰኞ ገበያ ተመልሼ ነበር። እትዬ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ቅቤ ሻጯ ከሚዛኗ ሥር አንዲት የካርቶን ቁራጭ አውጥታ አሳየችኝ። በልጅቱ እጅ ጽሑፍ የእትዬ የመርፌ ሰዓት፣ የልጃቸው ስልክና 907 ተጽፎባታል። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ክብሪት አይጫርም» ይላል። ቅቤ ሻጯ እያፈረች ሳቀች። እትዬ ድንብላሉን በስኒ እየሰፈሩልኝ፣ ዓይኔ ወደ እጃቸው መሄዱን አይተው ኖሮ፣ ቀና ብለው «በልቻለሁ እኮ፤ አትይኝ» አሉኝ። አንድ ስኒ ምርቃትም ጨመሩልኝ።